ከሥር የሚሞላ ቁስል፦ የቅባት ቀማሚው አባታችን የሕይወት ታሪክ

አባታችን፣ በሰፈሩ አጠራር አባባ ሙጫ፣ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ በነበረች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለወላጆቻቸው አራተኛ ልጅ ነበሩ። የተወለዱበትን ዓመት በተመለከተ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ አልተስማማም። እናታቸው "ጣሪያው የተቀየረ ዓመት ነው" ሲሉ አባታቸው ደግሞ "ኧረ ጣሪያው ሲያፈስ ነው የተወለደው፤ በእሱ ምክንያት አይደል እንዴ የቀየርኩት!" ይሉ ነበር። ሁለቱም ሳይረቱ ስላለፉ እኛም ዕድሜያቸውን ሰማንያ አንድ ወይም ሰማንያ ሁለት ብለን ጽፈናል።

ይህን የሕይወት ታሪክ ያዘጋጀችው ታናሽ ልጃቸው ናት። የሚያነበው ድምፁ ጎርነን ያለው የታላቋ ልጃቸው ባለቤት ነው። ታናሽ ልጃቸው በማተሚያ ቤት ፊደል መልቀም ከጀመረች ሃያ ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ ለቀብር የሚታደል ወረቀት ስንት እንደሠራች ቁጥሩን አታውቀውም። በእነዚያ ወረቀቶች ላይ ክፉ ሰው ሞቶ አያውቅም። ሁሉም ደግ፣ ሁሉም ታጋሽ፣ ሁሉም ከጎረቤት ተስማምቶ የኖረ ነው። አንዳንዱን ሟች በሕይወት ሳለ ታውቀው ስለነበር ለብቻዋ እየሳቀች ነው የምትለቅመው። የአባቷ ተራ ሲደርስ ግን ሳቁ ጠፋ። አባቷ ደግ ነበሩ። ታጋሽ አልነበሩም። ከጎረቤትም ቢሆን፣ በአንዲት የዝናብ ቦይ ምክንያት ከቁልፍ ቀራጩ ጋር ዘጠኝ ዓመት ተኮራርፈዋል። ቁልፍ ቀራጩ ካለፈው ማክሰኞ ጀምረው ከደጃችን ስላልጠፉ ይህን መጻፍ እንደማያስቀይማቸው እናምናለን።

አባታችን ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት እስከ አሥረኛ ክፍል ተከታትለዋል። ስለ ውጤታቸው ቤተሰቡ ያገኘው ማስረጃ አንድ ካርድ ብቻ ነው፤ እሱም ባይገኝ ይሻል ነበር። በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ቫርኒሽ በሚያፈላ ወርክሾፕ ተቀጠሩ። ሥራቸው የጥድ ሙጫ እየሰባበሩ ከዘይት ጋር ማቅለጥና ማማሰል ነበር። ሙጫ በውሃ አይለቅም፤ በዘይት ታሽቶ ነው የሚለቀው። ይህን እስኪያውቁ ድረስ የጨበጣቸው ሰው ሁሉ እጁ ከእጃቸው ጋር እየተጣበቀ ይስቅባቸው ስለነበር የቅጽል ስማቸው ከዚያ መጣ። ያኔ "ሙጫው" ነበሩ፤ "አባባ" የሚለው የተጨመረው ሲሸብቱ ነው።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው አንዲት ባልቴት ቅባት ቀማሚ ሙጫ ሊገዙ ወደ ወርክሾፑ መጡ። ከጆንያው አንድ ፍሬ አንስተው አፋቸው ውስጥ ጨመሩ፣ አኘኩ፣ እንትፍ አሉና "ግማሹ አሸዋ ነው" ብለው ጆንያውን በእግራቸው ገፉት። አባታችን ሳቁ። ባልቴቷ "ምን ያስቅሃል? ና አንተም ቅመስ" አሏቸው። ቀመሱ። አሸዋው ጥርሳቸው ላይ ሲንቋቋ ተሰማቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያቀለጡት ነገር ምን እንደሆነ ያወቁት ያን ቀን ነው። በሳምንቱ ሥራቸውን ለቀው ወደ ባልቴቷ ሱቅ ገቡ። እናታቸውም "ልጄ ሙጫ ሊያኝክ ብሎ እንጀራውን ትቶ ሄደ" ብለው ጎረቤቱን አዳረሱ።

ከባልቴቷ ጋር ሰባት ዓመት ሠሩ። ከርቤን በጥርስ፣ ካፉርን በአፍንጫ፣ እሬትን በምላስ ጫፍ መለየት ተማሩ። የተወቀጠ ሙጫ በስስ ጨርቅ ተቋጥሮ ዘይት ውስጥ እንደሚንጠለጠል፣ ዘይቱም እሳት ላይ ሳይሆን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ሦስት ቀን እንደሚቆይ፣ ከዚያ ተጣርቶ ሰም እንደሚገባበት፣ መርጋቱ ደግሞ በቀዝቃዛ ማንኪያ ጀርባ ላይ እንደሚፈተን ተማሩ። ለሳል የባሕር ዛፍ ዘይት፣ ለጥርስ የቅርንፉድ ዘይት፣ ለተሰነጠቀ ተረከዝ የጉሎ ዘይትና ሰም። ባልቴቷ ይህን ሁሉ አንድ ጊዜ ተናግረው ያልፉ ነበር። የቁስልን ነገር ግን በየወሩ ይደጋግሙታል። ጥልቅ ቁስል በየቀኑ ይከፈታል፣ ይታጠባል፣ በንጹህ ጨርቅ ይሞላል፤ ሥጋው ከሥር ወደ ላይ እየሞላ ይመጣል። የከርቤ ቅባት የሚቀባው በመጨረሻ፣ ጉድጓዱ ሞልቶ ቆዳው ብቻ ሲቀር ነው። ከርቤ ሕመም ያደነዝዛል፣ ያደርቃልም፤ ቀድሞ ከተቀባ የቁስሉን አፍ ይገጥመዋል፣ መግሉ ከውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ቁስል የሚያክም ሰው በሽተኛው ሲጮህ መስማት መቻል አለበት። ይህን ካልቻለ ሌላ ሥራ ይፈልግ ይሉ ነበር።

ባልቴቷ ሲደክሙ ሱቁን ለአባታችን ለቀቁላቸው፤ ሃያ ስድስት ዓመታቸው ነበር። በልብስ ሰፊውና በቁልፍ ቀራጩ መካከል ያለችውን ሱቅ አብዛኞቻችሁ ታውቋታላችሁ። ከፊት ባንኮኒው፣ አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈ አግዳሚ ወንበር፣ እስከ ጣሪያ የደረሱ ብልቃጦች። ከኋላ ሙቀጫው፣ ወንፊቱ፣ እንደ ሻሽ የተሰቀሉ የማጣሪያ ጨርቆች። ፀሐይ ሙጫውን እንዳያቀልጠው በጋዜጣ የተሸፈነ መስኮት። አባታችን ከዚህ ባንኮኒ ኋላ ሃምሳ ዓመት ቆመዋል። የተቃጠለ፣ በጫማ የተላጠ፣ ደረቱ የታፈነ ሁሉ ወደ እሳቸው ይመጣ ነበር። የማይችሉትን ሲያዩ "ይሄ የኔ አይደለም፤ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂድ" ብለው ይመልሳሉ። የተመለሰው ሰው ካንገራገረ በሩን ይዘጉበታል። ታጋሽ አልነበሩም ያልነው ለዚህ ነው።

በሃያ ስምንት ዓመታቸው ከእናታችን ጋር ጋብቻ መሠረቱ። እናታችን የሒሳብ መምህርት ነበሩ። የተገናኙት በጥርስ ነው። እናታችን ለጥርስ ሕመም የቅርንፉድ ዘይት ይገዛሉ፤ በሳምንቱ ተመልሰው ይገዛሉ፤ በሦስተኛው ሳምንት ሲመጡ አባታችን "እስቲ ጥርሱን ልየው" አሉ። ቢያዩ ጥርሱ የለም። ከተነቀለ አሥራ አንድ ቀኑ ነበር። አባታችን "የሌለ ጥርስ የሚያመው ሰው አይቼ አላውቅም" ሲሉ እናታችን በእፍረት ቀልተው "ሥሩ ቀርቶ ይሆናል" አሉ። ይህን ታሪክ አባታችን ለእንግዳ ሁሉ ሲያወሩት እናታችን አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ "ውሸቱን ነው" ብለዋል።

በትዳራቸው ሦስት ልጆች ወለዱ። የመጀመሪያው ወንድ ነበር። የሚቀጥለውን ታናሽ ልጃቸው የሰማችው ከአባቷ ሞት ሁለት ወር በፊት ነው። ግን የሕይወት ታሪክ በቅደም ተከተል ይጻፋልና እዚህ ይግባ።

ወንድማችን ስድስት ዓመቱ ነበር። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከአጥር ሲዘል የዛገ ብረት ጭኑ ውስጥ ገባ። አባታችን ቁስሉን ባልቴቷ እንዳስተማሯቸው ከፍተው አጠቡት፣ በጨርቅ ሞሉት። በሁለተኛው ቀንም ከፍተው አጠቡት። ልጁ ሰፈር እስኪሰማ ጮኸ። በሦስተኛው ቀን እናታችን ትምህርት ቤት ናቸው፤ ታላቅ እህታችን የሦስት ዓመት ልጅ፣ በሩ ሥር ቆማለች። አባታችን ጨርቁን ሊያወጡ ሲሉ ልጁ የእጃቸውን አንጓ በሁለት እጁ ያዘ። አልጮኸም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አባባ በቃኝ። በቃኝ" አለ። የሌላ ሰው ልጅ ቢሆን ኖሮ እጁን አስለቅቀው ሥራቸውን ይቀጥሉ ነበር፤ ሺህ ጊዜ አድርገውታል። የራሳቸው ሲሆን እጃቸው እምቢ አላቸው። የከርቤውን ቅባት አነሱ፣ ላዩን ቀቡት፣ ሸፈኑት።

ልጁ ሕመሙ ቀለል አለለትና ከሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደው። አባታችን አጠገቡ ተቀምጠው ደስ አላቸው። ይህን ሲናገሩ "ደስ አለኝ" የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ነው ያሉት። በሁለት ቀን ቁስሉ ገጠመ። ሲታይ የዳነ ይመስል ነበር፤ እናታችንም አይተው "እጅህ ይባረክ" አሉ። በማግሥቱ ልጁ እንደ እሳት ነደደ። ሐኪም ቤት ወስደው እንደገና ተከፈተ፤ መግሉ ውስጥ ውስጡን ሄዶ ደሙን መርዞት ነበር። በቆሰለ በዘጠነኛው ቀን አረፈ።

እናታችን ባላቸውን አንድም ቀን አልወቀሱም። ባልተወቀሱ ቁጥር ግን አባታችን የባሰ ይከብዳቸው እንደነበር ለታናሽ ልጃቸው ነግረዋታል። ሱቁን ለአንድ ወር ዘግተው ነበር። የከፈቱት ባልቴቷ በምርኩዝ መጥተው በሩን ስለደበደቡ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባታችን ለሰው ሁሉ እንደ በፊቱ ሠሩ፤ በቤተሰባቸው ገላ ላይ ግን ቅባት ይዘው እጃቸውን አላሳረፉም። ምክንያቱን ከእናታችን በቀር ለማንም አልተናገሩም። በቤታችንም ስለ ወንድማችን "በትኩሳት ሞተ" ከሚለው በላይ ወሬ አይነሳም ነበር።

ታናሽ ልጃቸው የተወለደችው ከዚህ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። እሷ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቷ ከተማውን ሁሉ ሲቀቡ እሷን አይቀቡም። ሰባት ዓመቷ ላይ ክንዷን የፈላ ውሃ አቃጠላት። ለአባቷ የቃጠሎ ቅባት ሰው ሁለት አውቶቡስ ተሳፍሮ ይመጣ ነበር፤ እሳቸው ግን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልለው፣ በባዶ እግራቸው፣ አቅፈዋት እስከ ጤና ጣቢያ ሮጡ። እዚያ ያለችው ነርስ "ውይ አባባ፣ ምነው? እኔ እንኳ ለልጄ ከእርስዎ ጋ አይደል የወሰድኩት!" አለቻቸው። አባታችን መሬት መሬት አዩ። ልጅቷም አየቻቸው። ያን ቀን የሮጡትን ሳይሆን ያቀረቀሩትን ነው በልቧ የያዘችው።

ልጅቷ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆናት እናታችንን ክፉኛ አሳላቸው፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ። ታናሽ ልጃቸው ሱቅ ሄዳ አንድ ብልቃጥ የደረት ዘይት እንዲሰጧት ጠየቀች። አግዳሚው ላይ አራት ሰው ተቀምጧል። አንዷ ሴት "የእናቴን ሳል ያጠፋላት ይሄ ዘይት ነው" እያለች ለሌሎቹ ትተርካለች። አባታችን "እናትሽ ሐኪም ቤት ትሂድ" አሉ። ልጅቷ ደግማ ጠየቀች። "አልኩሽ እኮ" አሏት። የዚያን ጊዜ አራቱም ሰዎች እያዩ "አጭበርባሪ ነዎት!" አለቻቸው። "ለሰው የሚሰጡትን ለራስዎ ቤት የሚከለክሉት፣ ምንም እንደሌለበት ስለሚያውቁ ነው!" በአንቱታ ያደገች ስለሆነች ስድቡንም በአንቱታ ነበር ያወረደችው። አባታችን ብልቃጥ አፍ ላይ ክር እያሰሩ ነበር። አስረው ጨረሱ። ከዚያ "ተረኛ" አሉ።

ተረኛው አልተነሳም። ያ ዓመት ሱቁ ጭር ያለበት ዓመት ነበር፤ ወሬው ከልጅቷ ቀድሞ ቤት ገብቷል። እናታችን ከሐኪም ቤት ባመጡት መድኃኒት ዳኑ፤ እሷም "ይኸው!" አለች። በሃያ ዓመቷ ማተሚያ ቤት ተቀጥራ ከቤት ወጣች። ከዚያ በኋላ ለሃያ ሦስት ዓመት በአባትና በልጅ መካከል ሰላምታ አልተቋረጠም፤ ከሰላምታ ግን አላለፈም። ስትመጣ ጉንጫቸውን ትስማለች፣ "እንዴት ሰነበቱ" ትላለች፣ ከእናቷ ጋር ማዕድ ቤት ትገባለች። ተመሳሳይ ግትርነት በአንድ ቤት ሁለት ሲሆን እንዲህ ነው የሚያደርገው።

እናታችን ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በልብ ሕመም ዐረፉ። አባታችን ሱቁን በሰባ ስድስት ዓመታቸው ዘጉ። ብልቃጦቹን ለጎረቤት አደሉ፤ ለራሳቸው ያስቀሩት አንድ ብቻ ነበር፤ ራሳቸው የቀመሙት የመጨረሻው የከርቤና የሰሊጥ ዘይት ቅባት። ባለፈው ዓመት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ታላቋ ልጃቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ስለምትኖር የተወሰዱት ምድር ቤት ወደምትኖረው ወደ ታናሿ ነው። "ሁለት ዝም ባዮች አንድ ቤት" ብላ ታላቋ እህት ሳቀች፤ ከዚያም ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ለረጅም ጊዜ በመተኛታቸው ወገባቸው ላይ ቁስል ወጣ። መጀመሪያ እንደ ሳንቲም፣ ከዚያ ጡጫ የሚውጥ ጉድጓድ ሆነ። ከጤና ጣቢያ የተመደበልን ነርስ በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣ ያጥባል፤ በየቀኑ ካልታጠበ ግን ዋጋ እንደሌለው ነገረን። ታናሿ ልጅ "እኔ አጥበዋለሁ" ስትል አባታችን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። "የቤት ሰው አይነካኝም" አሉ። አሥር ቀን ሙሉ እንዲህ አሉ። ቁስሉ መሽተት ጀመረ። በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ልጅቷ ምርር ብሏት "አሁንም አልታመንም?" አለቻቸው። አባታችን ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ። ከዚያ የወንድማችንን ነገር፣ ከላይ የተጻፈውን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገሯት። ሲጨርሱ ከአልጋው ሥር ያለውን የማጠቢያ ሳህን እንድታመጣ አዘዟት። እንዲህም አሏት፦ "አንቺ ትችያለሽ። ያን ቀን አጭበርባሪ ስትይኝ፣ ይህቺስ ትጨክናለች ብዬ ነበር።" ሳቅ አሉ። ልጅቷ አልሳቀችም።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ፣ ሥራ ከመግባቷ በፊት፣ ውሃ ታሞቃለች፣ ጨው ትጨምራለች፣ ጨርቁን አውጥታ ቁስሉን ታጥባለች። አባታችን ትራስ ነክሰው በጎናቸው ተኝተው ያስተምሯታል። "ጠርዙን ተይው፤ መሃሉን ነው። መሃሉን! ኧረ ምን ያስፈራሻል፣ እኔን ነው የሚያመኝ።" የከርቤው ብልቃጥ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል፤ እሳቸው እስኪያዙ ድረስ እንዳይነካ ተብሏል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጅቷ ማተሚያ ቤት ስትደርስ ፊደል ይሳሳትባት ነበር። በኋላ ተላመደችው። በእነዚያ ጠዋቶች አባቷ በአርባ ሦስት ዓመት ውስጥ ያልነገሯትን ነገሯት፤ ስለ ባልቴቷ፣ ስለ እናቷ ጥርስ፣ ስለ ዝናቡ ቦይ። ቦዩን በተመለከተ ጥፋቱ የእሳቸው እንደነበር ያመኑትም ያኔ ነው።

በሠላሳ አንደኛው ጠዋት ደክመው ዐደሩ። ጨርቁን መጎተት ስትጀምር እንደ መቃዠት አሉና፣ ዓይናቸው እንደተከደነ፣ ቀስ ብለው "በቃኝ" አሉ። ልጅቷ እጇ ቆመ። እንደገና ሞከረች፤ አልታዘዝ አላት። ጨርቁን መልሳ አስገባች፣ መስኮቱ ላይ ያለውን ብልቃጥ ከፍታ ጠርዙን ዙሪያውን ቀባች፣ ሸፈነችው፣ ሥራ ሄደች። ለምሳ ስትመለስ ነቅተው ነበር።

"ዛሬ አጠብሽው?" አሏት።

"አዎ አባባ።"

"አላመመኝም እኮ።"

አባታችን አልተቆጡም። ተንጠራርተው ራሷ ላይ እጃቸውን አኖሩ፤ ከሕፃንነቷ ወዲህ ያላደረጉት ነው። "አይዞሽ። እኔም እንዲሁ ነበር" አሉ። ከዚያም "በይ ነይ፣ አሁን ክፈችው" አሏት። እያለቀሰች ከፈተችው። አባታችን ያን ቀን ትራስ አልነከሱም፤ እንድትሰማቸው ብለው ጮኹ። እሷም እስከ መጨረሻው አጠበችው።

ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልተዘለለም። ቁስሉ ቀላ፣ ጠራ፣ ከሥር መሙላት ጀመረ። ነርሱ እየመጣ በጣቱ ይለካና "በዚህ ዕድሜ እንዲህ ሲሞላ አላየሁም" ይል ነበር። በሃምሳ አምስተኛው ቀን የጥፍር ያህል ጉድጓድ ብቻ ቀረ፤ አባታችንም በመስታወት አሳይታቸው አይተው "ነገ ቅባቱን ትጀምሪያለሽ" አሉ። በዚያው ሳምንት ግን ኩላሊታቸው ሥራ አቆመ። ሐኪሞቹ የሚደረገውን ሁሉ አድርገው ከዚያ በላይ እንደማይችሉ ሲነግሩን አባታችን ወደ ቤት መልሱኝ አሉ። ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ታናሽ ልጃቸው ውሃ ይዛ ስትገባ፣ አርፈው አገኘቻቸው። ቁስሉን ከፍታ አየችው። ሞልቶ ነበር።

አባታችን የአንድ ወንድና የሁለት ሴቶች ልጆች አባት፣ የአራት ልጆች አያት ነበሩ። አንዲት እህታቸው፣ ልጆቻቸው፣ የልጆቻቸው ልጆች፣ አማቻቸው፣ እንዲሁም ስማቸውን የማናውቅ በእጃቸው የዳኑ ብዙ ሰዎች ከኋላቸው ቀርተዋል። የሚያርፉት በባለቤታቸውና በስድስት ዓመት ልጃቸው መካከል ነው። ቦታውን ከአርባ አምስት ዓመት በፊት ራሳቸው ናቸው ያስያዙት።

ከዚህ በታች ያለውን ታናሽ ልጃቸው ቆማ ራሷ ታነበዋለች።

አባባ፣ አራት ሰው እያየ አጭበርባሪ ነዎት ብዬዎታለሁ። ይቅርታ ልጠይቅዎት በየጠዋቱ አስብ ነበር። ውሃው ሲሞቅ እላቸዋለሁ፣ ጨርቁን ስቀይር እላቸዋለሁ፣ ሲድኑ እላቸዋለሁ እያልኩ ቆየሁ። እርስዎ ነግረውኝ ከጨረሱ በኋላ የኔ ተራ ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ። ማክሰኞ ጠዋት ልልዎት ቆርጬ ነበር። ውሃው እጄ ላይ ነበር አባባ።

እዚህ ለቆማችሁት ሁሉ፦ ከእነዚያ አራት ሰዎች አንዱ በመካከላችሁ ካለ ይስማኝ፤ ከሌለም የሚያውቀው ይንገረው። አባቴ አጭበርባሪ አልነበሩም። ቅባታቸው ደግ ቅባት ነበር። ለእኛ የከለከሉን እጃቸውን ስለማያምኑት ነው፤ እጃቸውን የማያምኑት ደግሞ በእኛ ላይ መጨከን ስለማይችል ነው። ይህን ሳላውቅ ሃያ ሰባት ዓመት አኮረፍኳቸው። ይቅርታ አባባ። ዘግይቼ ነው፤ ይቅርታ።

ፈጣሪ ነፍስዎን ይቀበልልን፤ ከልጅዎ ጋር ያገናኝዎት። ሲያገኝዎት "በቃኝ" ያለው ሕመሙን እንጂ እርስዎን እንዳልሆነ ይንገርዎት። ለቀረነውም ዕድሜና መጽናናት ይስጠን። ይረፉ አባባ፤ ከእንግዲህ ማንም አያሳምምዎትም።